መተማን በምርኩዝ ለማየት

አንባቢ ሆይ፤ የመንግሥት ሥራ ገንዳ ውሃ ወይም መተማ ዮሐንስ መድቦህ እንደ ሆነ፣ ወይም ከዚያ አገር የመጣ የትምህርት ቤት ባልንጀራ ለዕረፍት ጋብዞህ እንደ ሆነ፣ አንድ ቀን ቤተ ሰብህ «ያን አገር አሳየን» ማለታቸው አይቀርም። አባትህ የመተማን ስም ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያውቁት በአፄ ዮሐንስ ነው። ዛሬ ግን ጉልበታቸው ከድቷቸው በምርኩዝ ይሄዱ ይሆናል፤ ወይም እኅትህ በተሽከርካሪ ወንበር የምትንቀሳቀስ ትሆናለች። እንዲህ በሆነ ጊዜ በየቤቱ የሚሰጠው መልስ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው «ለእርስዎ አይሆንም፤ እኛ አይተን እንነግርዎታለን» የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው «ግድ የለም፤ ተሸክመንም ቢሆን እናደርስዎታለን» የሚል ነው። ሁለቱም በፍቅር የተነገሩ ናቸው። ነገር ግን ሁለቱም ባለጉዳዩን ሳይጠይቁ የተፈረዱ ናቸው። ሦስተኛም መልስ አለ፤ እርሱም ከባለጉዳዩ ጋር ተቀምጦ ዕቅድ ማውጣት ነው።

ነገሩን ከሩቅ እናምጣው። በትልልቅ መርከብ እየተንሸራሸሩ አገር ከሚጎበኙት የውጭ አገር ሰዎች መካከል ብዙዎቹ ዕድሜያቸው የገፋ ጡረተኞች ናቸው። መርከቢቱ አንድ ወደብ ደርሳ ለጥቂት ሰዓት ስትቆም መንገደኛው ወርዶ ከተማውን ያያል፤ የመነሻውም ሰዓት ሳያልፍ ይመለሳል። ልማደኛ የሆነው መንገደኛ በዚያ ወደብ የሚታየውን ከመጠየቁ በፊት አወራረዱን ይጠይቃል። መርከቢቱ ከመድረኩ ትጠጋለች ወይስ በታናሽ ጀልባ ነው የምንወርደው? ደረጃው ስንት ነው? በእግር የሚሄዱት ምን ያህል ነው? ዐረፍ የሚሉበት ጥላስ አለ? ማዕበል ባለበት ቀን ከመርከብ ወደ ጀልባ መውረድ ለተሽከርካሪ ወንበር አስቸጋሪ ስለ ሆነ፣ ይህን ሳይጠይቅ የመጣ ሰው ወደቡን ከመርከቧ ላይ ብቻ ተመልክቶ የሚመለስበት ጊዜ አለ።

ከጎንደር ወደ መተማ የሚወርደውንም መኪና እንደዚያች መርከብ አድርገህ አስበው። አይከል፣ ነጋዴ ባሕር፣ ገንዳ ውሃ፣ ኮኪት፣ መተማ ዮሐንስ ወደቦቹ ናቸው፤ ከስማቸውም አንዱ እንኳ ባሕር አለበት። በእያንዳንዱ ወደብ ላይ ጥያቄው ያው ነው፤ እንዴት እንወርዳለን? የት እንቀመጣለን? መቼ እንመለሳለን?

ከሁሉ አስቀድሞ ግን መንገዱ ሰላም መሆኑ ይጠየቃል። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የተነሣው ጦርነት በዚህ መንገድ መጓዝን አደገኛ አድርጎታል፤ መንገደኞች ታግተው ገንዘብ የተጠየቀባቸውም ጊዜ አለ። ሮጦ ማምለጥ ወይም ከመኪና ፈጥኖ መውረድ ለማይችል ሰው ይህ አደጋ ከሌላው ይልቅ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ «ነገ ተነሥተህ ሂድ» አይልህም። በዚያ ሳምንት በመንገዱ ላይ ከተመላለሱ ሾፌሮችና በቦታው ከሚኖሩ ሰዎች ጠይቀህ፣ ልብህ ካልረጋ ዕቅዱን አጥፈህ አስቀምጠው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ የሰላሙ ቀን ሲመጣ በጥድፊያ ከመነሣት ዛሬ ረጋ ብሎ ማዘጋጀት ይሻላል።

እንግዲህ ወረቀትና እርሳስ ይዘህ ከአባትህ ጋር ተቀመጥ። የአየር መንገዶች በዓለም ሁሉ ተሽከርካሪ ወንበር የሚጠይቀውን መንገደኛ በሦስት ከፍለው ያዩታል። የመጀመሪያው ደረጃ መውጣት የሚችል፣ ረጅም መንገድ መሄድ ግን የሚያቅተው ነው። ሁለተኛው ጥቂት እርምጃ የሚራመድ፣ ደረጃ መውጣት ግን የማይችል ነው። ሦስተኛው ከነጭራሹ የማይራመድና እስከ መቀመጫው ድረስ ርዳታ የሚያስፈልገው ነው። አንተም በዚሁ መንገድ ጠይቃቸው፤ «አባባ፤ ሳያርፉ ምን ያህል ይሄዳሉ? ስንት ደረጃ ይወጣሉ? ስንት ሰዓት ይቀመጣሉ? ሲደክሙ መጀመሪያ የሚያምዎት የት ነው?» በል። መልሱን ራሳቸው ይስጡ። ብዙ ሰው አባቱን ከሚያውቀው በላይ የሚያውቅ ይመስለዋል፤ በዚህ ጥያቄ ጊዜ ግን አለማወቁን ይረዳል። በአውሮፕላን እስከ ጎንደር የሚመጡ ከሆነም ከሦስቱ የትኛው እንደ ሆኑ ትኬቱ ሲቆረጥ ይነገር፤ በበረራው ዕለት ጧት መናገር ዘግይቷል።

ከዚህ ቀጥሎ ወራቱን ምረጥ። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ብላ ስትገኝ፣ መተማ ዮሐንስ ግን በ700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። 200 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ መንገድ ከደጋ ወደ በረሃ ትወርዳለህ ማለት ነው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። በክረምት አስፋልቱን ለቅቀህ ስትወርድ ዋልካው ጭቃ እንኳንስ የወንበር ጎማ የጤነኛ ሰው ጫማ ይነቅላል። ጥቅምትና ኅዳር የሰሊጥ አጨዳ ወራት ስለ ሆነ ከደጋው ብዙ ሺህ የቀን ሠራተኛ ይወርዳል፤ መኪናውም አልጋውም ይጣበባል፤ የወባም ጊዜ ነው። ስለዚህ ታኅሣሥና ጥር ይሻላሉ። ያን ጊዜም ቢሆን የቀትሩ ሙቀት ቀላል አይደለም። በተለይ የአከርካሪ አጥንቱ የተጎዳ ሰው ከጉዳቱ በታች እንደሚገባ ላብ ስለማያወጣ፣ ሌላው ገና «ሞቀ» ሲል እርሱ ታምሞ ይገኛል። እርጥብ ፎጣና ውሃ መርጫ ከእጅ አይለዩ። ፀሐይ ላይ የቆመ የወንበር ብረትም ቆዳ ያቃጥላልና ጨርቅ ይሸፈን።

የጉዞው አካሄድ እንዲህ ቢሆን መልካም ነው። ከጎንደር በጧት በ12 ሰዓት ተነሣ። አባትህ ከሾፌሩ አጠገብ ይቀመጡ፤ እዚያ እግር ይዘረጋል፤ መንገዱም ሁሉ ይታያል። የመኪናው መወጣጫ ከፍ ያለ ከሆነ ጠንካራ የእንጨት በርጩማ ያዝ። አይከል ገና ደጋ ነውና ቁርስ እዚያ ይበላ። ከዚያ በኋላ መንገዱ ወደ ቆላው ይወርዳል። በየሰዓቱ ጥቂት ቆም እያላችሁ እግር ይንቀሳቀስ፤ በወንበር የሚኖርም ሰው መቀመጫው እንዳይቆስል በየ15 እስከ 30 ደቂቃው በክንዱ ተደግፎ ከፍ ይበል ወይም ጎኑን ይለውጥ። በየኬላው «ሁላችሁም ውረዱ» ሲባል ትእዛዙን እስክትሰማ አትጠብቅ፤ አስቀድመህ ቀርበህ ለፈታሹ በትሕትና አስረዳ። ቀትር ሳይሆን ገንዳ ውሃ ግባና እዚያ እደር። መተማ ዮሐንስ ከዚያ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለምትርቅ በማግሥቱ በጧት ሄዳችሁ ፀሐይ ሳይበረታ ትመለሳላችሁ።

አሁን ሰው ሁሉ እያፈረ የሚያልፈውን ነገር እንናገር። በቆላ መንገድ ላይ አዛውንትና አካል ጉዳተኞችን ከሁሉ ይልቅ የሚያስጨንቃቸው የመጸዳጃ ቤት ነገር ነው። በየመንገዱ ያለው መጸዳጃ ቁጢጥ የሚሉበት ጉድጓድ ነው፤ ጉልበቱ የማይታጠፍለት ሰው እንዴት ይሁን? ስለዚህ ብዙዎቹ ማንንም ላለማስቸገር ሲሉ ውሃ መጠጣት ይተዋሉ። «አልጠማኝም» ይሉሃል፤ አንተም ታምናለህ። በዚያ ሙቀት ውሃ አለመጠጣት ራስን እስከ መሳት የሚያደርስ ነገር ነው። መድኃኒቱ ግን ቀላል ነው። መካከሏ ክብ ተደርጎ የተቆረጠ ታናሽ ወንበር በሰፈርህ አናጢ አሠርተህ፣ ለመጋረጃ የሚሆን አንድ አንሶላ ጨምረህ መኪናው ላይ ጫን። ከመነሣታችሁም በፊት ለአባትህ አሳያቸው። ያችን ወንበር ያየ ሰው በመንገድ ላይ ሳይሠጋ ውሃውን ይጠጣል።

አልጋ ስትይዝም «ንጹሕ ነው ወይ?» ብለህ ብቻ አትተው። ክፍሉ ምድር ቤት መሆኑን፣ የበሩንም ስፋት ጠይቅ። ለተሽከርካሪ ወንበር 80 ሴንቲ ሜትር የሚሆን በር ያስፈልገዋል፤ የመታጠቢያ ቤቱ በር ደግሞ ከመኝታው ይልቅ መጥበቡ የተለመደ ነውና ሁለቱም ይለኩ። ከበሩ ፊት 15 ሴንቲ ሜትር የሚሆን አንድ ደረጃ ቢኖር ለአንድ ሴንቲ ሜትር ከፍታ 12 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ይታሰባል፤ ስለዚህ አንድ ሜትር ከ80 የሆነ ጠንካራ ሳንቃ ይበቃል። አጎበር አይረሳ፤ ከወባውም በላይ የአሸዋ ዝንብ የምታስተላልፈው ካላዛር በመተማና በሁመራ ቆላ የታወቀ በሽታ ነው። ዝንቧ በዋልካው ስንጥቅና በግራር ሥር ስለምትኖር በሌሊት ከደጅ መተኛት አይገባም።

እንግዲህ መተማ ደረስን። ከመኪና ሳይወርዱ የሚታየው እንኳ ጥቂት አይደለም። በየመንገዱ ዳር በስተ ደጋው የማይገኙት የዕጣን ዛፎች፣ ሽመልና ሰፊው የሰሊጥ እርሻ አለ። ከከተማይቱ ዳር ታናሽ ወንዝ ኢትዮጵያን ከሱዳን ይለያል፤ ማዶ የሚታየው ጋላባት ነው። በዚህ በር ቡናና ሰም፣ ጥጥም፣ እጅግ በሚያሳዝን ሁኔታ ባሪያም ለብዙ ዘመን ተሸጦበታል። ከምዕራብ አፍሪቃ ለሐጅ ወጥተው በዚሁ የቀሩ ተክሩር የሚባሉ ሰዎችም ሰፍረውበት ነበር። ወደ ጋላባት መሻገር ግን በዕቅድህ ውስጥ አይግባ። በሱዳን ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነት ከተነሣ ወዲህ በዚህ በር የገባው ብዙ ሺህ ሕዝብ ለሽርሽር የመጣ አልነበረም። በኬላው አካባቢም ሳትጠይቅ ፎቶግራፍ አታንሣ።

አባትህ ግን የመጡት ለመጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ነው። በዚያ ቀን አፄ ዮሐንስ ከድርቡሾች ጋር ሲዋጉ በጥይት ቆስለው በማግሥቱ ዐረፉ፤ ከተማይቱም በስማቸው መተማ ዮሐንስ ተብላለች። ይህን ለማሰብ ኮረብታ ለኮረብታ መዞር አያስፈልግም። ሜዳው በሚታይበት ጥላ ሥር መኪናውን አቁመህ፣ ወንበር አውጥተህ፣ ታሪኩን ራሳቸው ይንገሩህ። ከመንገዱ ወጥተህ ወንበሩን ልግፋ ያልህ እንደ ሆነ ግን አንድ ነገር አስታውስ። ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ኋላ ፊልድ ማርሻል የሆነው ብርጋዴር ዊልያም ስሊም ጋላባትንና መተማን ከጣሊያኖች ሊያስለቅቅ በታንክ ባጠቃ ጊዜ፣ ብዙዎቹ ታንኮች በድንጋዩና በፈንጂው ሰንሰለታቸው እየተበጠሰ ቆመዋል፤ መተማንም ሳይዝ ቀረ። ታንክ ያቆመ ድንጋይ ለታናሽ የወንበር ጎማ አይራራም።

መተውም የዕቅድ ግማሽ ነው። በቋራ ከ2,600 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ያለው የአላጥሽ ብሔራዊ ፓርክ አለ፤ ያው ቋራ የአፄ ቴዎድሮስ የትውልድ አገር ነው። ሁለቱም ልብ ይስባሉ። ይሁን እንጂ ከዋናው አስፋልት ርቀው ስለሚገኙ በአንድ ጉዞ ላይ አትደርባቸው። ሁለት ቦታ አይቶ ሳይደክሙ መመለስ፣ አምስት ቦታ ጀምሮ ታምሞ ከመመለስ ይበልጣል።

ስለ መሸከምም አንድ ቃል እንጨምር። በአገራችን ታማሚን በቃሬዛ ተሸክሞ ጤና ጣቢያ ማድረስ የቆየና የተከበረ ልማድ ነው፤ ስንቱን ሰው ከሞት አድኗል። ነገር ግን ለመታከም መሸከም ሌላ፣ ለመጎብኘት መሸከም ሌላ ነው። በገበያ መካከል አራት ጎረምሳ ተረባርቦ ሲያነሣቸው አባትህ አገር አያዩም፤ አገር እርሳቸውን ያያል። መሸከም የግድ ቢሆን እንኳ «ከየት በኩል ልያዝዎት?» ብለህ ጠይቀህ፣ እርሳቸው እንዳዘዙህ አድርግ። «ይበቃኛል፤ እንመለስ» ሲሉም ምክንያት ሳትጠይቅ መኪናውን አዙር።

አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች፤ በዚያም ውስጥ የመዝናናትና አገር የመጎብኘት ነገር በ30ኛው አንቀጽ ተጽፏል። ከዚያም አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች እንዲመቹ ደንግጎ ነበር። አንባቢ ሆይ፤ አንተ ምናልባት ታናሽ ጸሐፊ ወይም ገና ተማሪ ነህ፤ ሕንፃ አታሠራም፤ መንገድም አትጠርግም። ነገር ግን የምትሠራበት ወይም የምትማርበት ቤት ደጃፍ ላይ አንድ ደረጃ አለ። ለአባትህ ጉዞ ያሠራሃትን ሳንቃ ስትመለስ ማጀት አትወርውራት፤ ከዚያ ደረጃ ላይ አጋድማት። ነገ በምርኩዝ የሚመጣው ባለጉዳይም የአንድ ሰው አባት ነው።