ቲሸርቱን ማን ገዛው?

ስለ ምርጫና ገንዘብ ሲነሳ ወሬያችን ወዲያው አሜሪካ ይገባል። አይፈረድብንም! የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2010፣ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ፣ ኩባንያዎች ከዕጩዎች ተለይተው በራሳቸው ለሚያደርጉት ቅስቀሳ የሚያወጡት ገንዘብ አይገደብም ብሎ ወሰነ። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ ኢሎን መስክ ብቻውን ከ250 ሚሊዮን ዶላር በላይ አፈሰሰ።

እኔ ያደግሁት ደሎ መና ነው። እዚያ የምርጫ ማስታወቂያ ማለት ቲሸርትና ኮፍያ ነው። ከሀረና ጫካ ቡና የሚለቅሙ ሰዎች ንብ ያለበትን ቲሸርት እስኪነትብ ይለብሱት ነበር፤ ስለደገፉ ሳይሆን ለሥራ ስለምትመች። “ማን ከፈለበት?” ብሎ የጠየቀ ግን አላስታውስም።

እስኪ ዛሬ እንጠይቅ። በኢሕአዴግ ዘመን ከግንባሩ አባል ድርጅቶች ጋር የተቆራኙ ትእምት፣ ጥረትና ቱምሳ የሚባሉ ኤንዶውመንቶች ነበሩ። ከቱምሳ ኩባንያዎች አንዱ ቢፍቱ ዲንሾ ይባላል። (በነገራችን ላይ፣ ዲንሾ ከሮቤ ወደ ሻሸመኔ ስትሄዱ የምታገኟት ከተማም ስም ናት።) ገዢው ፓርቲ “የሕዝብ ሀብት ናቸው” ሲል ተቃዋሚዎች “የፓርቲ ናቸው” ይሉ ነበር። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 573 ፓርቲ እንዳይነግድ ይከለክል ነበር። እናም በወረቀት ላይ ፓርቲው አይነግድም፤ ዘመዱ ይነግዳል።

“ገንዘብ ድምፅ አይገዛም” የምትሉኝ አላችሁ። ልክ ናችሁ፤ በ1997 ኢሕአዴግ ያ ሁሉ አቅም እያለው ቅንጅት የአዲስ አበባን 23ቱንም የፓርላማ ወንበሮች ወሰደ። የእኛ ሰው የሰጡትን ተቀብሎ ያሻውን መምረጥ ያውቅበታል።

እኔን የሚያሳስበኝ ሰጪው ነው። አንድ የአገሬ ቡና ነጋዴ ለምን ለፓርቲ እንደሚያዋጡ ብጠይቃቸው (የትኛው ፓርቲ እንደሆነ ይቅር)፣ “ልጄ፣ ወድጄ መሰለህ? እገሌ አልሰጠም እንዳይባል ነው። ፈቃዴ በየዓመቱ ይታደሳል” አሉኝ።

ልዩነቱ ይኸው ነው። የአሜሪካው ቱጃር የሚሰጠው ውለታ ለማስቀመጥ ነው፤ የእኛው ነጋዴ የሚሰጠው ዓይን ውስጥ ላለመግባት። ታዲያ ነጋዴው ያዋጡትን ከየት ይተኩታል? ከቡናው ዋጋ ላይ ነዋ! በነፃ የተሰጠችው ቲሸርት፣ ዞራ ዞራ፣ ለቃሚው ራሱ የከፈለባት ናት።

በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1162 ከውጭ ዜጋና ማንነቱ ካልታወቀ ሰው የሚመጣ ስጦታን ይከለክላል፤ ፓርቲዎች ሒሳባቸውን እንዲያስመረምሩም ያዛል። ጥሩ ነው። ግን ደሎ መና ያለ መራጭ ያንን ሒሳብ የት ያየዋል? የዕጩዎች ስም በየምርጫ ጣቢያው ይለጠፋል አይደል? የሰጪዎቹ ስምና የሰጡት ብርም አጠገቡ ይለጠፍ። ነጋዴውም ያኔ “ስንት እንደሰጠሁ አገር ያያል” ብለው እምቢ የሚሉበት ምክንያት ያገኛሉ።