ሃያ አምስት ቃል

የረጠበ ምንጣፍ ሽታ እስከ ዛሬ ሆዴን ያባባዋል። ጎርፍ ገብቶበት የወጣ ዕቃ ደጅ ላይ ተከምሮ ሳይ ልቤ ሳላዘው ወደ 1997 ዓ.ም. ማብቂያ፣ ወደ ሚሲሲፒ ባሕር ዳርቻ ይነጉዳል። ለልጆቼ ይህን ታሪክ ቆራርጬ ነግሬያቸዋለሁ። ከነጥፋቴ ሳወራው ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ ወዳጄ፣ ለአንተ ልንገርህ።

ነገሩ የሚጀምረው ከአባቴ ራዲዮ ነው። ደሴ ነው ያደግሁት። ራዲዮው ስድስት ድንጋይ ይበላ ነበር። ድንጋዩ ሲደክም እናቴ እያወጣች እንደ በርበሬ ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች፤ ማታ ነፍስ ዘርቶ ትንሽ ያናግረናል። አባቴ ጋቢውን ተከናንቦ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ የጀርመን ድምፅንና የአሜሪካ ድምፅን ይሰማል። እኔም የከሰልና የቡና ሽታ በጠገበው ጋቢ ውስጥ እገባለሁ። ዜናው አይገባኝም። የሚስበኝ ከአንዱ ጣቢያ ወደ ሌላው ሲዞር መሐል ላይ ያለው ሽውታ ነበር። እዚያ ውስጥ የሚጣራ ሰው ያለ ይመስለኛል።

እናቴ ከራዲዮው የምትፈልገው ሌላ ነው። ታላቅ ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ ወደ ሰሜን ከሄደ ወዲህ ደብዳቤው ቀርቷል። አንባቢው ዜናውን በጨረሰ ቁጥር «ስለ ልጆቹ ምንም አላለም?» ትላለች። አባቴ መልስ የለውም፤ ራዲዮውን ይዘጋዋል።

በ1983 ዓ.ም. ክረምት ሲገባ አንድ ከሲታ ወታደር በራችንን አንኳኳ። እግሩን በጨርቅ ጠቅልሎታል። እናቴ ውኃ አሙቃ እግሩን ካጠበችው በኋላ ቀና ብሎ፣ ውዳሴ ማርያም በቃሉ እንደሚደግም ሰው፣ የያዘውን ተናገረ፦ «‹እማዬ፣ አታልቅሺ፤ ጋቢዬን ለጩጬው ስጪው› ብሏል።» ሁለት ዓመት በልቡ ይዞት ዞሯል። ከወንድሜ አፍ የወጣ ቃል መሆኑን ወዲያው አወቅን፤ ጩጬ ብሎ የሚጠራኝ እሱ ብቻ ነበርና። ወታደሩ በዚያ ሁሉ መከራ ውስጥ ሲያልፍ ከአደራው አንዲት ቃል አልጣለም፣ አንዲትም አልጨመረም። ወንድሜ አልተመለሰም። ጋቢው ግን እኔ ጋ ነው።

ዓመታት አልፈው ዲቪ ደርሶኝ አትላንታ ገባሁ። እንደ ብዙዎቻችን ፓርኪንግ ውስጥ ስሠራ ውዬ ማታ ስመለስ የጎረቤቴን የጓሮ አንቴና አያለሁ። አንድ ቀን ድፍረት አገኘሁና ምን እንደሆነ ጠየቅሁት። ሽማግሌው አንድም ነገር ሳያስረዳኝ ወደ ጓዳው አስገብቶ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረገልኝ። ያ ሽውታ! በሞቀ አሮጌ መሣሪያ ላይ የሚጤሰው የአቧራ ሽታ ሳይቀር የአባቴን ቤት አመጣብኝ። ሽውታው ውስጥ በእርግጥም የሚጣራ ሰው ነበረ።

ሽማግሌው ለሳምንታት መነጋገሪያውን አላስነካኝም። «መጀመሪያ አዳምጥ» ነው የሚለኝ። ያኔ በአጭር ሞገድ ሰፊ ፈቃድ ለማግኘት በደቂቃ 5 ቃል በሞርስ፣ ማለትም በአጭርና በረጅም ድምፅ ምልክት፣ መቀበል ግዴታ ስለነበር ፓርኪንግ ቁጭ ብዬ መኪና እስኪመጣ በጣቴ ጠረጴዛ እየመታሁ ተለማመድሁ። ሕጉንም ያስተማረኝ እሱ ነው፤ አማተር ራዲዮ፣ ማለትም በግል ፈቃድ ከቤት የሚነጋገሩበት ራዲዮ፣ ይዞ የሰው መልእክት የሚያደርስ ሰው ለድካሙ ገንዘብ መቀበል አይፈቀድለትም። ይህን ስሰማ ያ ወታደር ትዝ አለኝ። እናቴ ለስንቁ ብላ የዘረጋችለትን ብር በሁለት እጁ መልሶላታል።

ካትሪና የተባለችው አውሎ ነፋስ ከመግባቷ በፊት ባለችው እሑድ ሌሊት ከሽማግሌው ጋር 14.325 ሜጋኸርዝ ላይ ስናዳምጥ አደርን። ከ1965 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አውሎ ነፋስ በመጣ ቁጥር አማተሮች የሚሰባሰቡበት ሞገድ ነው። ሰኞ ነሐሴ 23 ቀን አውሎ ነፋሱ የብሱን መታ። የኒው ኦርሊየንስ ግድቦች ተሰበሩ፤ የሚሲሲፒን ዳርቻ ከ8 ሜትር በላይ የተነሣ ባሕር ጠረገው። ከ3 ሚሊዮን የሚበልጥ የስልክ መስመር ጠፋ፤ 38 የአስቸኳይ ጥሪ ማዕከላት ዝም አሉ። በዚያው ሰኞ ኒው ኦርሊየንስ ጣሪያ ላይ የቀሩ 15 ሰዎች የእርዳታ ጥሪያቸው በሞባይልና በአማተር ራዲዮ ከሰው ወደ ሰው ተላልፎ ተረፉ። ይህን ስንሰማ ሽማግሌው ምንም ሳይል ተነሥቶ መኪናው ላይ ዕቃ መጫን ጀመረ። ራዲዮ፣ ሁለት የመኪና ባትሪ፣ ጥቅል ሽቦ፣ ውኃና ደረቅ ብስኩት ያዝን።

የደረስነው ዌቭላንድ ከተባለችው ከተማ አቅራቢያ፣ መጠለያ የሆነ ትምህርት ቤት ነው። ከተሰባበረው ጥድ የሚወጣ የሙጫ ሽታ፣ የጭቃና የፍሳሽ ሽታ፣ የጄኔሬተር ጭስ፣ ከሁሉም በላይ ያ የረጠበ ምንጣፍ። ሃያ ሜትር ያህል ሽቦ በሁለት ዛፎች መካከል ዝቅ አድርገን ዘረጋን። ሽማግሌው ለሰው ሲያስረዳ፣ ኳስን ወደ ኮርኒስ ቀጥ አድርገው ሲወረውሩት እዚያው አጠገብ እንደሚወርድ ዝቅ ያለ ሽቦም ድምፅን ወደ ላይ ልኮ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ዙሪያ ላይ ያወርደዋል ይል ነበር። ማማ አይፈልግም፣ መስመር አይፈልግም።

ሰዉ ለወዳጆቹ መልእክት ሊያስልክ ተሰለፈ። መልእክቱ የሚሞላበት ቅጽ እንዲህ ነው፦ የመልእክቱ ቁጥር፣ የአስቸኳይነቱ ደረጃ፣ የቃላቱ ብዛት፣ የተቀባዩ ስምና ስልክ፣ ከዚያ መልእክቱ፣ ቢበዛ 25 ቃል። የቃላቱ ብዛት የሚጻፈው በራዲዮ የሚቀበለው አማተር ቆጥሮ እንዲያመሳክር ነው፤ አንድ ቢጎድል ያስደግማል። «ሁላችንም ደህና ነን፣ አትጨነቁ» ለሚለው ገና ከጥንት የተመደበ አጭር መለያ አለ፤ ቁጥር አንድ ነው። የሰው ልጅ አደጋ ላይ ሲወድቅ መጀመሪያ የሚናገረው ይህን ነውና ቁጥር አንድ መሆኑ ይገባዋል።

በሦስተኛው ሌሊት አንዲት ነጠላ ጫማ ብቻ የቀረቻቸው ባልቴት መጡ። ስልካቸው ውኃ ውስጥ ቀርቷል፤ ኦሃዮ ያለችውን የልጃቸውን ቁጥር ግን በቃላቸው ያውቁታል። ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው በዜማ አወጡልኝ። ጻፍሁ። እኩለ ሌሊት አልፏል፣ ሰልፉ ረጅም ነው፣ ዓይኔ ይከደናል። የጻፍሁትን መልሼ ሳላነብላቸው ላክሁ።

በማግስቱ ጠዋት መጡ። «ልጄ፣ መልስ አለ?» የለም። መልእክቱ ከተላከ በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። አጠያየቃቸው የእናቴ ነው፤ ድምፁ ሌላ፣ ቋንቋው ሌላ፣ ልመናው ግን ያው። በአራተኛው ቀን ኦሃዮ ካለው አማተር ማስታወሻ ደረሰኝ፦ ቁጥሩ የሌላ ሰው ቤት ነው።

ቅጂውን አወጣሁና «እንደዚያ ዕለት ያዚሙልኝ» አልኋቸው። እሳቸው ሲያዜሙ እርሳሴን በእያንዳንዱ አኃዝ ሥር አሳለፍሁ። መጨረሻው አካባቢ እጄ ቆመ። እሳቸው 47 አሉ፤ በገዛ እጄ ጽሑፍ 74 ይላል። ወዳጄ፣ የዚያን ሰዓት ያላበኝ ላብ ትዝ ይለኛል። ወታደሩ ወረቀት ሳይኖረው ሁለት ዓመት የጠበቀውን አደራ፣ እኔ እርሳስና ወረቀት ይዤ በሁለት ደቂቃ አበላሸሁት። ለባልቴቷ እውነቱን ነገርኋቸው። ዝም ብለው አዩኝና ጉንጬን ዳሰሱኝ። ሽማግሌውም አልተቆጣም። «ሳታነብላቸው አትላክ» ብቻ አለኝ።

አስተካክዬ ላክሁ። መልሱ ቅዳሜ ማታ ገባ። ቀኑ ጳጉሜን 5 ነበር፣ የእኛ ዓመት የሚያልቅበት ዕለት። «እማዬ፣ እየመጣሁ ነው፤ ከዚያ አትነሺ» ይላል። ሦስት ጊዜ አስነበቡኝ፤ ከዚያ ወረቀቱን አጥፈው ደረታቸው ውስጥ ከተቱት። በማግስቱ እንቁጣጣሽ ነበር። አደይ የለም፣ ቄጤማ የለም፣ ቡናው የጣሳ ነው። ባልቴቷ ግን ደጃፉ ላይ ወንበር አስወጥተው መንገድ መንገዱን ሲያዩ ዋሉ። እናቴ እንደዚያ የተቀመጠችባቸውን ዓመታት አሰብሁ፤ ለእሷም አንድ ሰው ሽቦ ዘርግቶ ቢሆን ኖሮ እያልሁ።

ከዚያ ወዲህ ያላነበብሁትን ልኬ አላውቅም። ሽማግሌው አርፏል፤ መሣሪያው ለእኔ ተርፏል። ሰማዩ ደግ ሲሆን አንዳንድ ምሽት ከአዲስ አበባ፣ ከ5 ኪሎ፣ የኢትዮጵያ አማተር ራዲዮ ማኅበር ጣቢያ ኢ.ቲ.3 ኤ.ኤ. ሲጣራ ሰምቻለሁ። የጣቢያው ወጣቶች ድምፅ በዚያው ሽውታ ውስጥ ሲመጣ ጋቢዬን እደርባለሁ።

ለአንተ ያለኝ ቃል አጭር ነው። በዚያ መጠለያ መልእክት ሳይልኩ የቀሩ ብዙዎች ነበሩ፤ የወዳጆቻቸው ቁጥር ሁሉ የሞተው ስልካቸው ውስጥ ስለነበር የምንጠራላቸው ሰው አጣን። ዛሬ ማታ የሦስት ሰው ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፍ። ለልጆችህ በዜማ አስጠናቸው። ከጻፍህ በኋላ ደግሞ መልሰህ አንብበው።