ያልተመዘገበው ጠጉር

ዶክተር ሰሎሞን ግዛው እ.ኤ.አ. በ2008 በሆላንድ ዋግኒንገን ዩኒቨርሲቲ ባቀረቡት ጥናት የሰቆጣ በግ ከመንዝ፣ ከወሎ፣ ከፋርጣና ከጥቁር በግ ጋር በአንድ ዝርያ ተመድቧል። የዘር ቅርበቱ እንዲህ ይላል፤ የፈታይ ጣት ግን ሌላ መዝገብ አላት። ሰሃላ ያሉት አያቴ እንዝርታቸውን ከማሾራቸው በፊት የተሸለተውን ጠጉር ቆንጥረው ይስቡታል፦ ቀጥ ያለው ሻካራ ጠጉር ከፈትሉ ይሾልካል፣ ስሱና ጥምዝምዙ እርስ በርሱ ይያያዛል። ጥቁሩንና ነጩን ለየብቻ ያስቀምጣሉ፤ ባና ሲሸመን ቀለም መንከር አያስፈልግም። እኛ ግን አውራ የምንመርጠው በክብደት ነው። ለመመረቂያ ጥናቴ በተሰጠኝ ቅጽ ስለ ጠጉር የሚጠይቀው መስመር «መልክ» ብቻ ይላል። ከጎኑ «ይፈተላል?» የሚል ጥያቄ በእርሳስ ጨምሬአለሁ።