የሰባት ሌሊት እንግዶች

ገመድ ይዞ ገደል መውጣት ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ ነገር አይደለም። ደብረ ዳሞን ያየ ወይም ዝናውን የሰማ ሁሉ፣ መነኩሴውም ተሳላሚውም በገመድ እየተረዳ አሥራ አምስት ሜትር ያህል ቀጥ ያለ አለት እንደሚወጣ ያውቃል። ዓለምን ንቆ በዋሻ የሚኖረውን ሰው አገሬው መናኝ ይለዋል፤ ሲያገኘውም ጎንበስ ብሎ ምርቃቱን ይቀበላል። ሥራም አድራሻም ሳይኖረው ባገኘው ጥግ የሚያድረውን ደግሞ ዱርዬ ብሎ ያልፈዋል። ሁለቱም ቤት የላቸውም። የሚለያቸው ከቤት የወጡበት ምክንያት ነው።

በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ ተራሮች ውስጥ ግን ከሁለቱም ስም በአንዱ የማይጠቃለሉ ሰዎች ከሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ጀምሮ ኖረዋል። በእንግሊዝኛ «ደርትባግ» ይባላሉ፤ ቃል በቃል ሲመለስ «የቆሻሻ ከረጢት» ማለት ነው። ስድቡን እነርሱ እንደ ማዕረግ ተቀበሉት። ሥራቸው ገደል መውጣት ነው፤ ለእርሱ ሲሉ ትዳርን፣ ደመወዝንና ጣሪያን ያዘገዩ ወይም የተዉ ናቸው። ወደ አማርኛ ለሚመልሰው ሰው ቃሉ ያስቸግራል፤ ዱርዬ ቢላቸው ያንስባቸዋል፣ መናኝ ቢላቸው ይበዛባቸዋል። የፓርኩን ሹማምንት ግን ትርጉሙ አላስቸገራቸውም። ለእነርሱ እነዚህ ሰዎች ጊዜያቸው ያለፈባቸው እንግዶች ነበሩ።

ስፍራው ዮሴሚቴ ይባላል። 11 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ጠባብ ሸለቆ ሲሆን፣ ግራና ቀኙን የግራናይት ግድግዳ አጥሮታል። ኤል ካፒታን የተባለው አለት ብቻ ከግርጌው እስከ አናቱ 900 ሜትር ያህል ይሆናል። ሸለቆው እ.ኤ.አ. በ1864 ፕሬዚዳንት ሊንከን በፈረሙት ሕግ ለሕዝብ መጠቀሚያ ተከለለ፤ በ1890 ደግሞ አካባቢው ብሔራዊ ፓርክ ሆነ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በሸለቆው ሰሜናዊ ጠርዝ፣ ከትልልቅ ቋጥኞች ሥር፣ ካምፕ 4 የሚባል አቧራማ የድንኳን ሰፈር አለ። ገደል ወጪዎቹ መንደራቸውን የመሠረቱት እዚያ ነው።

በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በዚህ ሰፈር ከከረሙት አንዱ ኢቮን ሹናርድ ነበር። አለት ላይ የሚመታውን የብረት ችንካር በእጁ እየቀጠቀጠ፣ አንዱን በአንድ ዶላር ከሃምሳ ሳንቲም ከመኪናው ላይ ይሸጥ ነበር። ገንዘብ ሲያጥረው ጣሳው በመጨራመቱ ዋጋው የወረደ የድመት ምግብ ገዝቶ እንደበላ ራሱ ተርኳል። አንድ ጊዜም በአሪዞና በጭነት ባቡር ላይ ተሳፍሮ ሲሄድ ተይዞ 18 ቀን ታስሯል፤ ጥፋቱም መተዳደሪያ ሳይኖረው ያለ ዓላማ መንከራተት የሚል ነበር። ይኸው ሰው በ1973 ፓታጎኒያ የተባለውን የልብስ ኩባንያ መሠረተ፤ በ2022ም ሦስት ቢሊዮን ዶላር ገደማ የሚገመተውን ድርጅት ለተፈጥሮ ጥበቃ እንዲውል አስተላለፈ። የትናንቱ «ዓላማ ቢስ» ዓላማ እንደነበረው ለመታየት ግማሽ ምዕተ ዓመት ፈጀ።

ከሹማምንት ጋር የነበረው ግጭት በዚያው ዘመን የጀመረ ነው። ዋረን ሃርዲንግ በ1957 የኤል ካፒታንን አፍንጫ መውጣት ሲጀምር፣ ከቆሻሻ መጣያ የተለቀሙ የምድጃ እግሮችን ችንካር አድርጎ በስንጥቁ ውስጥ ይሰካ ነበር። ትርኢቱን ለማየት መኪናዎች መንገዱን እየዘጉ ስላስቸገሩ፣ ሬንጀሮች የሚባሉት የፓርኩ ጠባቂዎች ጎብኚ በሚበዛበት የበጋ ወራት እንዳይወጣ ከለከሉት። እርሱም ሕዝቡ እስኪበተን እየጠበቀ፣ በዝናብና በብርድ ወራት እየተመለሰ፣ ከዌይን ሜሪና ከጆርጅ ዊትሞር ጋር ህዳር 12 ቀን 1958 ጫፉን ረገጠ። አለቱ ላይ የዋሉበት ቀን ሲደመር 47 ሆነ። ከሦስቱ አንዱ፣ ዌይን ሜሪ፣ ኋላ ራሱ ሬንጀር ሆኖ አገልግሏል። አሳዳጅና ተሳዳጅ በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ መገናኘታቸው በዮሴሚቴ ያልተለመደ አልነበረም።

ሕጉ ክፋት ብቻ ነበር ማለት ግን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ፓርኩን በዓመት በሚሊዮኖች የሚቆጠር ሰው ይጎበኘዋል። ሁሉም እንደ ልቡ ቢሰፍር ሣሩ ይረገጣል፣ ወንዙ ይቆሽሻል፣ ድቡም ከሰው ምግብ ጋር ይለማመዳል። ስለዚህ በጎብኚ ወራት አንድ ሰው በፓርኩ ከ14 ሌሊት፣ በሸለቆው ውስጥ ደግሞ ከሰባት ሌሊት በላይ እንዳያድር ተደነገገ። የእኛም አባቶች እንግዳ ሲመጣ ወርቅ፣ ሲሰነብት ብር፣ ሲከርም ብረት ይሉ የለ! ችግሩ 900 ሜትር አለት በሰባት ሌሊት የማይጠና መሆኑ ነው። የትኛው ስንጥቅ እጅ እንደሚያስገባ፣ የትኛው ድንጋይ ሲነኩት እንደሚወርድ፣ ማዕበል ከየት በኩል እንደሚመጣ የሚታወቀው በመክረም ነው። ሊን ሂል በ1993 ሃርዲንግ የቀደደውን መንገድ፣ ገመዱን ከመውደቅ መጠበቂያ ብቻ አድርጋ፣ በገዛ እጅና እግሯ ስትወጣው፣ ከእርሷ በፊት ያን ያደረገ ወንድም ሴትም አልነበረም። ያን ችሎታ ለጎብኚ በተፈቀደው የሰባት ሌሊት ቆይታ አላገኘችውም።

በ1970 ነገሩ ከረረ። ሐምሌ 4 ቀን፣ በአሜሪካ የነጻነት በዓል፣ በሸለቆው መስክ ላይ የተሰበሰቡ ወጣቶችን ሬንጀሮች በፈረስ ሆነው ሊበትኑ ሲሞክሩ ረብሻ ተነሣ፤ ድንጋይና ጠርሙስ ተወረወረ፣ ብዙዎችም ታሰሩ። ከዚያ ወዲህ የፓርኩ አገልግሎት ጠባቂዎቹን እንደ ፖሊስ ማሠልጠኑን አጠነከረ። ረብሻው የገደል ወጪዎች ሥራ አልነበረም፤ መዘዙ ግን ደረሳቸው። ሌሊት በባትሪ መፈተሽ፣ መቀጣትና መባረር የኑሯቸው ክፍል ሆነ። እነርሱም በቋጥኝ ሥር ዋሻ፣ በጫካ ውስጥ ሥውር መኝታ አበጁ። ቀን በካፍቴሪያው ጎብኚ የተወውን ትርፍራፊ ይበሉ፣ ሌሊት ከብርሃን ይሸሹ ነበር።

ይሁን እንጂ የሚያሳድዳቸው መሥሪያ ቤት ራሱ ያለ እነርሱ አልሆነለትም። ከግድግዳው መካከል አንድ ሰው እግሩ ተሰብሮ ቢንጠለጠል፣ መኪናና ሽጉጥ የያዘ ጠባቂ ሊደርስለት አይችልም። ሊደርስ የሚችለው ያንን መንገድ አሥር ጊዜ የወጣ ሰው ነው። ስለዚህ ጂም ብሪድዌል የመሰሉ አንጋፋ ገደል ወጪዎች የተሳተፉበት የነፍስ አድን ቡድን ተደራጀ፤ አባላቱም በተጠሩ ጊዜ ሁሉ ለመሄድ ዝግጁ ሆነው በመቆየታቸው፣ የሌሊት ገደቡ ሳይመለከታቸው በካምፕ 4 እንዲኖሩ ተፈቀደላቸው። እነሆ፣ የመክረም መብት የተገኘው በአመፅ ወይም በልመና ሳይሆን በአደራ ነው። ለሌላው ነፍስ ኃላፊነት የወሰደ ሰው እንግድነቱ ቀረለት።

ነጻነት አደራውን ሲጥል ምን እንደሚመስልም ዮሴሚቴ አሳይታለች። በታኅሣሥ 1976 ከሁለት ቶን በላይ ማሪዋና የጫነች አነስተኛ አውሮፕላን ከፍ ባለ ስፍራ በሚገኝ የፓርኩ ሐይቅ ላይ ወደቀች። ሹማምንቱ ከፊሉን ካወጡ በኋላ በረዶው ስለከበደባቸው እስኪቀልጥ ሥራውን አቆሙ። ወሬውን የሰሙ የካምፕ 4 ሰዎች በረዶውን እየፈለጡ ጭነቱን በጀርባቸው አወረዱ፤ ድሃ የነበሩት በአንድ ጊዜ ብር በብር ሆኑ። ታሪኩ እስከ ዛሬ በሳቅ ይተረካል። በበረዶው ሥር የሁለት አብራሪዎች አስከሬን እንደነበረ ግን ተራኪው ሁሉ አያነሣም።

በተቃራኒው ደግሞ ሕግ ብቻውን ሲሮጥ ምን እንደሚያደርግ ታይቷል። ከገደል በፓራሹት መዝለል በ1980 ለአጭር ጊዜ ተፈቅዶ ተከለከለ። በሰኔ 1999 ፍራንክ ጋምባሊ የተባለ ዘላይ ከኤል ካፒታን ዘልሎ በደህና ምድር ረገጠ፤ ሬንጀሮች ሲያባርሩት ወደ መርሴድ ወንዝ ገባና ሰጠመ። ዝላዩ ያልገደለውን ሰው ሽሽቱ ገደለው። ጠባቂዎቹ ሊገድሉት አላሰቡም፤ እርሱም ሊሞት አልፈለገም። ሁለቱም ወገኖች እልህ ውስጥ ሳሉ ሰው ጠፋ።

እስከዚህ ድረስ ታሪኩ የሁለት ወገን ይመስላል። ሦስተኛ ወገን ግን አለ፤ ከሁለቱም በፊት የነበረ።

አህዋኒቺ የተባሉት የአገሩ ሰዎች በዚያ ሸለቆ የኖሩት ፓርክ የሚባል ነገር ከመታሰቡ እጅግ ቀደም ብለው ነው። በ1851 የማሪፖሳ ሻለቃ የተባለ ጦር ገብቶ አባረራቸው፣ ጎጇቸውንም አቃጠለ። ጥቂቶች ተመልሰው ለጎብኚ እየሠሩና ቅርጫት እየሰፉ ኖሩ። በ1930ዎቹ ፓርኩ ትንንሽ ቤቶች ሠርቶ ወደ አዲስ መንደር አዛወራቸው። በ1953 የፓርክ ሠራተኛ ያልሆነ በመንደሩ እንዳይኖር ተወሰነ፤ ነዋሪው ሲወጣ ቤቱ ፈረሰ፤ በ1969 የቀሩት ቤቶች የእሳት አደጋ ሠራተኞች መለማመጃ ሆነው ጋዩ። ይህ መንደር የነበረው ከካምፕ 4 በስተ ምዕራብ፣ አጠገቡ ነው። ገደል ወጪዎቹ የሌሊት ገደቡን አምልጠው ለመኖር ሲታገሉ፣ ጎረቤቶቻቸው ከአያቶቻቸው ምድር በጸጥታ አልቀው ነበር።

ይህ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የሩቅ ወሬ አይደለም። ፓርክ ማለት ሰው የሚጎበኘው እንጂ የማይኖርበት ምድር ነው የሚለው ሐሳብ ከአሜሪካ ተነሥቶ ወደ አፍሪካም ተሻግሯል። በ1969 የተቋቋመው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ገባ። የግጭ መንደር ነዋሪዎች በ2016 ወደ ደባርቅ ከተዛወሩ በኋላ፣ በ2017 ከዚያ ዝርዝር ወጣ። ዋልያው ፋታ አግኝቶ ይሆናል፤ ፋታው ግን የተከፈለው በገበሬው ቀዬ ነው። ከቀዬው የተነሣ ገበሬ «ነጻ መንፈስ» ተብሎ በፊልም አይሣልም። ነጻ መንፈስ የሚባለው፣ ሲሰለቸው የሚመለስበት ሌላ ቤት ያለው ሰው ነው።

የካምፕ 4 ፍጻሜ ልዩነቱን ይበልጥ ያሳያል። በጥር 1997 የመርሴድ ወንዝ ሞልቶ ሸለቆውን ካጥለቀለቀ በኋላ፣ ፓርኩ በሰፈሩ አጠገብ የሠራተኞች መኖሪያ ሕንፃ ሊሠራ አቀደ። አንጋፋው ገደል ወጪ ቶም ፍሮስት ተነሣ፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ የአሜሪካ አልፓይን ክለብም ደገፈው። ዕቅዱ ተለወጠና ካምፕ 4 በየካቲት 2003 በአሜሪካ ታሪካዊ ስፍራዎች ብሔራዊ መዝገብ ገባ። ሰፋሪ የተባለው ቅርስ ሆነ። የገደል ወጪዎቹ ክርክር እውነተኛ ነበር፤ ነገር ግን ጠበቃ፣ ክለብና ዝና ነበራቸው። በጎናቸው የነበረው መንደር በ1969 ሲቃጠል አንዱም አልነበረውም። የአገሩ ሰዎች በዚያው ቦታ መንደራቸውን መልሰው ለመሥራት ከፓርኩ ጋር ስምምነት የተፈራረሙት በ2018 ነው፤ ከቃጠሎው 49 ዓመት በኋላ።

ዛሬ ሁለቱ የቀድሞ ባላንጣዎች ረጋ ብለዋል። ከ2004 ጀምሮ ገደል ወጪዎች በየዓመቱ ፈቃደኞችን አስተባብረው የፓርኩን ቆሻሻ ያጸዳሉ፤ ሬንጀሮችም በካምፕ 4 ቡና አፍልተው ከእነርሱ ጋር መነጋገርን ልማድ አድርገዋል። ግድግዳ ላይ ለሚያድሩ ከ2021 ጀምሮ የተሞከረው የፈቃድ ወረቀት በ2023 ቋሚ ሆኗል፤ ወጪው ቆሻሻውን፣ የራሱንም እዳሪ ጭምር፣ ይዞ መውረድ አለበት። የሰባቱ ሌሊት ሕግ ግን አልተነሣም። ገደብ ባይኖር ሸለቆው እንደማይተርፍ ከገደል ወጪዎቹ መካከልም የሚቀበሉ አሉ።

ቢሆንም ሌሊት መቁጠር ቀላሉ ሥራ ነው። ከባዱ፣ የሚከርመው ሰው ለቦታው ምን እንደሚሰጥ መጠየቅ ነው። የነፍስ አድኖቹ ድንኳን ያለ ገደብ የሚቆመው ይህ ጥያቄ አንድ ጊዜ በቅንነት ስለተጠየቀ ነው። ያንኑ ጥያቄ አህዋኒቺዎችን ማንም አልጠየቃቸውም፤ ተጠይቀው ቢሆን ኖሮ መልሱን በዝርዝር ያውቁት ነበር፤ ሣሩን መቼ እንደሚያቃጥሉ፣ የዛፉን ፍሬ መቼ እንደሚለቅሙ፣ መስኩን በጫካ እንዳይዋጥ እንዴት እንደሚጠብቁ። በ1851 የገቡት ወታደሮች ተደንቀው ያዩት ሰፊ መስክ በእነርሱ እሳት የተጠበቀ ነበር። እሳቱ ሲከለከል ዛፉ መስኩን ወረሰው፤ የፓርኩ ሠራተኞችም ዛሬ ያንን እሳት፣ በዕቅድና በፈቃድ፣ መልሰው ይለኩሳሉ።