ከባሮ ዳር ወደ ደጋ፤ በክረምት ለሚጓዝ ቤተ ሰብ

በሌላው የኢትዮጵያ ክፍል ክረምት ሲገባ መንገድ ይዘጋል። በጋምቤላ ግን በቀድሞው ዘመን መንገድ የሚከፈተው ክረምት ሲገባ ነበር። ብርብርና ገባ የተባሉት ወንዞች ተገናኝተው የሚወልዱት ባሮ በበጋ ወራት አሸዋው እስኪታይ ድረስ ይጎድላል፤ ከሰኔ ወዲህ ግን የደጋው ዝናብ ሲወርድለት ከዳር እስከ ዳር ይሞላል። ያን ጊዜ ከካርቱም የተነሡ በእንፋሎት የሚሄዱ መርከቦች በነጭ ዓባይና በሶባት በኩል ወጥተው እስከ ከተማው መሃል ይደርሱ ነበር። ከጎሬና ከአካባቢው በበቅሎ ጀርባና በሰው ትከሻ የወረደው ቡና ይጫናል፤ ጨውና ጨርቅ ይራገፋል። የክረምቱ ውሃ ሲጎድልም መርከቦቹ እስከሚመጣው ዓመት አይታዩም።

ይህ ንግድ የተመሠረተው ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ባደረጉት ውል ነው። በውሉ መሠረት ስፋቱ ከ400 ሄክታር የማይበልጥ፥ በወንዙ ዳር ያለው ርዝመትም ከ2000 ሜትር የማያልፍ መሬት ለንግድ ጣቢያ እንዲሆን ለሱዳን መንግሥት ተከራየ። ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነጻ ስትወጣ የውሉ ዘመን ስላለቀ፥ ስፍራው በ1949 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። መርከቦቹ ከቀሩም ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። ዛሬ ከማንጎው ዛፍ ጥላ ቆሞ ወንዙን ለሚመለከት ሰው የሚታዩት ትንንሽ ጀልባዎችና በላዩ የተዘረጋው ረጅም ድልድይ ናቸው።

እንግዲህ በአሁኑ ጊዜ በክረምት ከጋምቤላ የሚነሣ ቤተ ሰብ የሚጓዘው እንደ ቀድሞው ቡና ወደ ታች ሳይሆን ወደ ላይ ነው። ጋምቤላ ከባሕር ጠለል በላይ ከፍታዋ 526 ሜትር ያህል ሲሆን አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ናት። ደገኛው ወደ ቆላ ሲወርድ አባቶችና እናቶች ስለ ንዳድ ይመክሩታል፤ ይመርቁታል፤ አንዳንዶቹም እንደማይመለስ ሰው ያለቅሱለታል። ከቆላ ወደ ደጋ የሚወጣውን ግን «ደጋ ጤና ነው» ብለው በባዶ እጁ ይሸኙታል። የሥራ ዝውውር ደርሶት ልጆቹን ይዞ ለሚወጣ ሹም፥ ልጁንም ለትምህርት ለሚሰድድ ወላጅ ይህ ሽኝት የሚበቃ ሆኖ አላገኘነውም። በአውሮፕላን የሚሄድም ቢሆን መንገዱ ያጥርለታል እንጂ ብርዱ አያጥርለትም።

አስቀድሞ ስለሚተዉት ቤት አንድ ነገር እንናገር። በ2014 ዓ.ም. ክረምት መጨረሻ በክልሉ ያሉ ወንዞች ከዳራቸው ወጥተው ብዙ ሕዝብ ከቤቱ አፈናቅለዋል። ስለዚህ ቤቱን ዘግቶ የሚሄድ ሰው እህሉን፥ መጻሕፍቱንና የመሬት ወረቀቱን ከወለል ላይ አንሥቶ ከፍ ባለ ስፍራ ማኖር ይገባዋል።

ስለ መኪናው ደግሞ፥ የጋምቤላ ፀሐይ የዝናብ መጥረጊያውን ላስቲክ ያደርቀዋል። በበጋ ማንም አያየውም፤ ከቡሬ በላይ ዝናቡ ሲወርድ ግን መስተዋቱን በመጥረግ ፈንታ ይቧጭረዋል። ጥርሱ ያለቀ ጎማም በደረቅ መንገድ ቢያገለግል፥ በእርጥብ መንገድ ውሃውን ከሥሩ ማስወጣት ስለማይችል መኪናው እንደ ጀልባ ይንሳፈፋል። ፍሬንና መብራት ሳይታዩ መነሣትስ የሚያስወቅስ ድፍረት ነው። ሞተር እንደ ሰው አየር ይተነፍሳል። ከፍታው በ1000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳ፥ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከኃይሉ አንድ ዐሥረኛ ያህል ያጣል። በሜዳው ላይ ሰውና ዕቃ ሞልቶ በቀላሉ የሚሮጥ መኪና ዳገቱ ላይ ሲያቃስት ባለቤቱ ተበላሸብኝ ብሎ እንዳይደነግጥ፥ ጭነቱን ግን ከመነሣቱ በፊት እንዲቀንስ እንመክራለን።

መንገዱ በጎሬ፥ በመቱ፥ በበደሌና በጅማ በኩል ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከሜዳው ሣርና ሙቀት ተነሥቶ ወደ ቡሬ ሲወጡ አየሩ በጥቂት ሰዓት ይለወጣል፤ ደኑ ይጠብቃል፤ ጉሙም ከዛፎቹ መካከል ወጥቶ መንገዱን ይሸፍናል። ጎሬ ከአገራችን ዝናብ ከሚበዛባቸው ስፍራዎች አንዷ ናት። በዚያ ሹራብ የለበሰ መንገደኛ ከጅማ አልፎ ወደ ጊቤ ሸለቆ ሲወርድ እንደ ገና ያወልቀዋል፤ ወልቂጤ ሲደርስ ደግሞ ይፈልገዋል። የልጆቹን ሙቅ ልብስ በሻንጣ ቆልፎ ከጣራ ላይ ያሰረ አባት በዚህ መንገድ ሦስት ጊዜ ዝናብ ውስጥ ይወርዳል።

በጉም ውስጥ ረጅሙን መብራት ማብራት ብርሃኑን ወደ ነጂው ዐይን ይመልሰዋልና አጭሩን መጠቀም ይሻላል። ቁልቁለቱንም ፍሬን ሳያቃጥሉ በከባድ ማርሽ ቀስ ብሎ መውረድ ነው። ወራጅ ውሃ መንገዱን አቋርጦ ሲገኝ ግን ጥልቀቱ ከጉልበት በታች ቢመስልም ትንሽ መኪና ለማንሣት ይበቃል፤ እስኪጎድል መቆም ያስፈልጋል። በተቻለ መጠን ማታ አለመንዳት ነው።

አዲስ አበባ ከተገባ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ ማጠር፥ ራስን ትንሽ ማመም፥ እንቅልፍ መንሣት ይኖራል። ውሃ እየጠጡ፥ ዐርፈው ከሰነበቱ ይለቃል። ከ3000 ሜትር በላይ ወደሚደርሰው የእንጦጦ ተራራ በማግሥቱ ለመውጣት የሚቸኩሉ እንግዶች አይጠፉም፤ ተራራው የትም አይሄድም።

የቤት እመቤቶች የሚያስተውሉት ሌላ ለውጥ አለ። በጋምቤላ ውሃ የሚፈላው በ98 ዲግሪ ገደማ ሲሆን በአዲስ አበባ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ድስቱ እየተንተከተከ ሽንብራውና ባቄላው የማይበስሉት ስለዚህ ነው። እሳት መጨመር አይረዳም፤ ማታ ዘፍዝፎ ማሳደር፥ ክዳኑ የሚጠብቅ ድስትም መጠቀም ይረዳል። በቆላው ሙቀት ፈጥኖ የሚቦካው የእንጀራ ሊጥም በአዲስ አበባ ክረምት ሦስትና አራት ቀን ሊፈልግ ይችላል። እርሾውን በርከት ማድረግና ቡሃቃውን ከምድጃው አጠገብ ማኖር ነው።

ከምድጃው ከተነሣን፥ ሊደፈር የማይገባ ነገር አለ። በጋምቤላ ቤትን ማሞቅ የሚያስብ ሰው የለም። ስለዚህ የሐምሌ ሌሊት ብርድ ሲጠና የከሰል ምድጃ ወደ መኝታ ቤት አስገብቶ በርና መስኮት መዝጋት ለእንግዳው እንደ ጥሩ መላ ይታየዋል። ከሰሉ ቀልቶ ጢሱ ከጠፋ አደጋው ጠፋ ይላል። ገዳዩ ግን ጢሱ አይደለም፤ የማይታይና ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ጋዝ ነው። ምልክቱም ራስ ምታት፥ ማቅለሽለሽና ድካም ስለሆነ አዲስ መጪው «ከፍታው ነው» ብሎ ይተኛል፤ ከዚያ እንቅልፍ ላይነቃም ይችላል። ጋቢና ብርድ ልብስ መደረብ፥ ከሰሉንም ከመኝታ በፊት ወደ ውጭ ማውጣት ግዴታ ነው።

ከሁሉም ይልቅ የምንፈራው ግን ሌላውን ነው። ቆለኛው ወደ ደጋ ሲወጣ ትንኟን በኋላው ትቶ ይሄዳል፤ በደሙ የገባውን ወባ ግን ይዞት ሊወጣ ይችላል። በጋምቤላ የተነደፈ ልጅ ሳይታመም መንገዱን ሁሉ እየተጫወተ ይደርሳል። ከገባ በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት ይንቀጠቀጣል፤ ያተኩሰዋል፤ ያስመልሰዋል። ውጭው ዝናብ ነው፤ ጎረቤቱ ሁሉ ያስላል፤ ስለዚህ «ብርድ መትቶት ነው» ይባልና ትኩስ ነገር ጠጥቶ ተሸፋፍኖ ይተኛል። ብርቱው የወባ ዓይነት በትንሽ ልጅና በነፍሰ ጡር ላይ የሚሰጠው ጊዜ ጥቂት ቀን ብቻ ነው፤ ያም ጊዜ በመሸፋፈን ያልፋል። ሌላው ዓይነት ደግሞ በጉበት ውስጥ ተደብቆ ወራት ቆይቶ ይነሣል፤ ያን ጊዜ ቤተ ሰቡ ከጋምቤላ መምጣቱን እንኳ ከሕመሙ ጋር አያያይዘውም።

ስለዚህ ከጋምቤላ የመጣ ሰው በከተማው ተቀምጦ ሳለ ትኩሳት ቢይዘው ሌሊትም ቢሆን ወደ ሐኪም ሄዶ፥ ገና ሳይጠየቅ «ከጋምቤላ ነው የመጣሁት፤ ደሜ ይመርመር» ማለት አለበት። ይህን የሚያፍሩ ሰዎች አጋጥመውናል፤ ቆለኛ እንዳይባሉ ነው። ሐኪሙ ግን የሰው አገር የሚጠይቀው ለመናቅ ሳይሆን መድኃኒቱን ለመምረጥ ነው። ልጁ በአዳሪ ቤት የሚማር ከሆነም ወላጁ ይህን ነገር ለትምህርት ቤቱ አስቀድሞ ቢያስታውቅ መልካም ነው።

በተደጋጋሚ ወባ የያዘው የቆላ ሰው ሰውነቱ በሽታውን በመጠኑ መቋቋም ይለምዳል። በደጋ ብዙ ጊዜ ከተቀመጠ ግን ይህ ኃይል እየደከመ ይሄዳል። የጋምቤላ ተወላጅ ተማሪ ከዓመታት በኋላ ወደ አገሩ ሲመለስ ትንኟ የምትቀበለው እንደ እንግዳ ነው፤ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ያሉት ወራት ደግሞ ወባ የሚበረታባቸው ናቸው። አጎበሩን በአዲስ አበባ አያስፈልገኝም ብሎ ለሰው ከመስጠት ይልቅ አጥፎ በሻንጣው ሥር ያኑረው።