ቤቱን አየሁት፤ ወረቀቱስ?

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ሴራሚኩን ነው። ቀጥሎ የኪችን ካቢኔቱን፣ ከዚያ በረንዳውን። ደላላውም ይህን ስለሚያውቅ በሩን ከፍቶ መብራቱን ሁሉ ያበራላችኋል። ስለ ወረቀቱ ስትጠይቁት ግን መልሱ ሁሌም "ችግር የለውም" ነው። እኔን እንደዚህ ቃል የሚያስፈራኝ የለም።

ታላቅ እህቴ ዱባይ በሰው ቤት ስትሠራ 9 ዓመቷ ነው። የመጀመሪያ ቤቷን የምትገዛው በእኔ እግርና በእኔ ዓይን ነው። ጋዜጠኝነት ተምሬ ያገኘሁት ትልቁ የምርመራ ሥራ ይኸው ሆነ (ደመወዝ የለውም እንጂ!)። እንቅልፍ የሚነሳኝም የገንዘቡ ነገር ነው፤ እንዴት እንደተጠራቀመ አውቃለሁና።

ሰሚት ያየነው ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ቆንጆ ነበር። እህቴ በኢሞ እያየች "ይኼ ነው!" አለች። እኔ ጥያቄዬን ጀመርኩ።

"ካርታው በማን ስም ነው?"

"በባለዕጣዋ። ሻጩ ውክልና አለው።"

"በቀጥታ ከእሳቸው?"

"ከእሳቸው የገዛ ሰው ነበር፤ እሱ ነው ለዚህኛው የወከለው። ችግር የለውም፣ እህቴ።"

"ሴትየዋ አሉ?"

"የት ይሄዳሉ ብለሽ ነው?"

"በሕይወት ማለቴ ነው።"

ደላላው ሻጩን አየ። ሻጩ መስኮቱን አየ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዕጣ የተላለፈ ኮንዶሚኒየም 5 ዓመት ሳይሞላው እንዳይሸጥ የሚከለክል ሕግ ነበር። ሰው ደግሞ ይቸግረዋል፣ መሸጥ ይፈልጋል። ስለዚህ "ሽያጭ" የሚለው ቃል ተዘለለና ውክልና ተፈረመ። ብሩ ተከፈለ፣ ቁልፉ ተሰጠ፣ ገዢው ገብቶ ቴሌቪዥኑን ሰቀለ። 5 ዓመቱ ካለፈ በኋላም የስም ማዛወሪያውን ወጪ ሸሽቶ በውክልናው የቀጠለ አለ። በመዝገብ ግን ቤቱ ዛሬም የባለዕጣዋ ነው፤ የባንክ ዕዳ ካለም በእሳቸው ስም ነው።

እንዲህ ገዝቶ በሰላም የሚኖር ሞልቷል፣ አልክድም። ግን የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ወካይ በፈለገ ጊዜ ውክልናውን መሻር ይችላል ይላል። "አልሽርም" ብሎ ቢፈርም እንኳ ያ ቃል አይጸናም። "የማይሻር ውክልና ነው" የሚላችሁ ደላላ እንግዲህ በሕግ የሌለ ዕቃ እየሸጠላችሁ ነው። በሌላ አኳኋን ካልተዋዋሉ በቀር ወካዩ ሲሞት ውክልናውም አብሮ ይሞታል። ያኔ የምትደራደሩት ከወራሾች ጋር ነው፤ ወራሾች ደግሞ የዛሬውን የቤት ዋጋ ጠንቅቀው ያውቃሉ።

ሌላው ብዙ ሰው የሚዘለው ጥያቄ "ሻጩ ሚስት አለው ወይ?" የሚለው ነው። በ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ የባልና ሚስት የጋራ ቤት ያለ ሁለቱም ስምምነት አይሸጥም። ያልተስማማችው ሚስት ባወቀች በ6 ወር፣ ቢበዛ ውሉ በተደረገ በ2 ዓመት ውስጥ ይፍረስልኝ ብላ መክሰስ ትችላለች። የጋብቻ ወይም ያላገባ ማስረጃ መጠየቅ ነውር አይደለም። ደላላው ፊቱን ያኮሳትር ይሆናል፤ ያኮሳትር!

ቀብድም አለ። "ሌላ ገዢ መንገድ ላይ ነው" ሲሏችሁ እጃችሁ ወደ ቦርሳ ይሄዳል። ሐሳባችሁን ከቀየራችሁ ቀብዱ ቀለጠ። (ሻጩ ካፈረሰ እጥፉን ይመልሳል ይላል ሕጉ፤ እስኪመልስ ያለው ውጣ ውረድ ሌላ ታሪክ ነው።) አንቀጽ 1723 ደግሞ የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ ሆኖ ፍርድ ቤት ወይም ውልና ማስረጃ እንዲመዘገብ ያዛል። ካፌ ውስጥ በሦስት ምስክር የተፈረመ ወረቀት ላይ የ9 ዓመት ጉልበት አላስቀምጥም።

የሰሚቱን ተውኩት። እህቴ ሦስት ቀን አላናገረችኝም። በአራተኛው ቀን ደውላ "አንቺ ሕግ ስታነቢ ቤቱ ይወደዳል፣ የእኔም ጉልበት ያልቃል" አለችኝ። እውነቷን ነው። መጠበቅም ያስከፍላል፤ የምትከፍለው ደግሞ እሷ ናት። ምን ብዬ ልመልስላት?

አሁን ጀሞ አንድ ስቱዲዮ እያየን ነው። ጠባብ ነው፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ግድግዳው ቀለም ይፈልጋል። ውሃ እዚያ ፎቅ የሚደርሰው ሌሊት ብቻ መሆኑን የነገሩኝ ጎረቤቶች ናቸው፣ ደላላው አይደለም። ካርታው ግን በሻጯ በራሳቸው ስም ነው፤ እሳቸውም ቡና አፍልተው ጠበቁኝ። ሰኞ ክፍለ ከተማ ሄጄ ቤቱ ላይ የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ አለመኖሩን አጣራለሁ።

እህቴ በኢሞ አየችውና "ኪችኑ ይኼ ብቻ ነው?" አለች።

ይኼ ብቻ ነው አልኳት።