እስረኛን በመጽሐፍ መውደድ

እኛ የወረታ ልጆች፣ በአንድ የዕረፍት ሰሞን ወንዛዬ ፍል ውሃ ወርደን «ነገም ሌላ ቀን ነው»ን እየተቀባበልን አነበብን። ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን ታስሮ ሳለ፣ በሲጋራ ፓኬት ወረቀት ላይ የተረጎመው የማርጋሬት ሚቸል ልቦለድ ነው። ስካርሌት የመጋረጃ ጨርቅ ቀሚስ አሰፍታ ሬት በትለርን እስር ቤት ልትጠይቅ ስትሄድ፣ ለግብር የሚሆን ገንዘብ ፍለጋ መሆኑን እያወቅን እንኳ ልባችን አብሯት ሄደ።

በዚያው ሰሞን አንዲት የሰፈራችን ልጅ፣ ታስሮ የተፈታ ሰው ልታገባ ነው ተባለ። እኛስ ምን አልን? «ምነው፣ ሰው ጠፋ እንዴ?» ብለን ተሳሳቅን። ከሠርጓም ቀረን።

አሁን ስናስበው እናፍራለን። የመጽሐፉን እስረኛ የወደድነው ስንሻ ልንከድነው ስለምንችል ኖሯል። እሷ የወደደችው ግን ማታ ቤት የሚገባውን ሰው ነው። ለዕረፍት ስንመለስ ደጃቸውን እናንኳኳለን፤ ዘገየን እንጂ አንቀርም።